ከሰርተፍኬቱ በኋላ ያለው ዓመት

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም፣ ጎረቤት ይደውላል፣ ዘመድ ይደውላል፣ ድሮ አብረውኝ የተማሩ ሰዎች ይደውላሉ፣ ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፣ "ልጄ አልመጣለትም፣ ቴክኒክና ሙያ ላስገባው ወይስ ቤት ቁጭ ብሎ ድጋሚ ይፈተን?" የጥቂት ቤት ጭንቀት እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰደው 900 ሺህ ገደማ ተማሪ ውስጥ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ግማሽ ሳያመጣ የዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት፣ ሬሜዲያል፣ የሚገባው ገብቶ እንኳን ስንት ልጅ እንደሚቀር አስቡት። ለነዚህ ልጆች ሁሉ ከቴሌቪዥኑም ከቀበሌውም ከቤተሰቡም የሚመጣው ምክር "ሙያ ተማሩ" ነው።

እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ አሠልጣኝ ነኝ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሙያ ሰውን ከችግር ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቱን ቤት ቆርቆሮ የቀየረ ልጅ አለ፣ ሁለት እህቶቿን የምታስተምር ልጅ አለች። ግን ደሞ ከነሱ እኩል፣ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከነሱ የተሻለ እጅ የነበራቸው ልጆች ዛሬ ሲሚንቶ ይሸከማሉ፣ ወይ ሀገር ጥለው ሄደዋል። ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ሳስብ ብዙ ጊዜ ሥልጠናው ላይ አላገኘውም። ሰርተፍኬቱን ከያዙ በኋላ ባለችው የመጀመሪያዋ ዓመት ላይ ነው የማገኘው። ልጁ ከድህነት የሚወጣው ወይ ተመልሶ የሚገባው እዛች ዓመት ላይ ነው፣ እኛ ደሞ ሀሳባችንንም በጀታችንንም ከዛ በፊት ላለው ነገር ጨርሰን ልጁ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና አልፎ "ብቁ" የሚለውን ወረቀት የያዘ ቀን እጃችንን እናነሳለን።

እስቲ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ልጁ ሌቨል ስሪ ጨርሷል፣ ሲኦሲውን በፅሁፍም በተግባርም አልፏል። ኮንትራክተር ጋ ሲሄድ "መሣሪያ አለህ?" ይባላል፣ የለውም። ፋብሪካ ሲሄድ ልምድ ይጠየቃል፣ ልምዱን ቢተውለት እንኳን ዋስ አምጣ ይባላል፣ ዋስ ማለት ደሞ ደመወዝ ያለው ወይ ንብረት ያለው ሰው ነው፣ የደሀ ቤተሰብ ዘመድ ጓደኛው ራሱ ደሀ ነው ከየት ያመጣል? ከተማችን ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ወጣቶች አሉ፣ እነሱ ላይ ሲሆን ዋሱ ብቻ አይደለም የነዋሪነት መታወቂያው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ተደራጅታችሁ ተበደሩ ይባላል፣ መደራጀት ጥሩ ነው ያገዛቸው ልጆችም አሉ፣ ግን ቅድሚያ ቁጠባ አለው፣ የቡድን ዋስትና አለው፣ ሼድ እስኪሰጥ መጠበቅ አለው፣ አምስት ሆነው ከተደራጁት አንዱ ሲሰደድ አንዱ ሌላ ሥራ ሲያገኝ ዕዳው በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ ደሞ ሌላ ነገር አለ። ልጁ እስኪጨርስ ቤተሰቡ ከሌለው ላይ ትራንስፖርቱንና ምሳውን ሲችል ቆይቷል፣ ከተመረቀ ማግስት ጀምሮ ሁሉም እጁን ነው የሚያየው፣ እሱም ያፍራል። ስለዚህ የተገኘውን የቀን ሥራ ይይዛል፣ ለጊዜው ነው ይላል፣ የምር ለጊዜው ነው ብሎም ያምናል። ወራት አልፎ መንገድ ላይ ሳገኘው "ቲቸር እሱን እኮ ረስቼዋለሁ" ይለኛል፣ እውነቱን ነው፣ እጅ ሥራ ካልነካ ይረሳል።

መሣሪያ የሚለውን ነገር ትንሽ ላብራራው ምክንያቱም ከሙያው ውጪ ላለ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ሜትር፣ መዶሻና መሮ፣ እነዚህን ልጁ ከቀን ሥራው እየቆጠበ አንድ በአንድ ሊገዛቸው ይችላል። መልቲሜትር ትንሽ ከበድ ይላል። ድሪልና ግድግዳ መቁረጫው ግራይንደር ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ግራይንደር የሌለው ልጅ ግድግዳውን በመሮ ነው የሚፈለፍለው፣ ባለ ግራይንደሩ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው እሱ ላይ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ደንበኛው ደሞ የሚከፍለው ለሥራው እንጂ ለቀኑ አይደለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መሣሪያና ኬብል ዋጋ ከነዚህ ልጆች አቅም ጨርሶ ርቋል። ብዙ ኮሌጅም ይሄው ችግር ነክቶታል፣ ሽቦ ተቆራርጦ ተቀጣጥሎ ነው ለባች ለባች የሚዳረሰው፣ ብየዳ ክፍል ብትሄዱ ኤሌክትሮድ በቁጥር ነው፣ አንድ ልጅ ሙሉ ቤት ከቆጣሪው እስከ መጨረሻው ሶኬት ዘርግቶ ሳያይ የሚመረቅበት ጊዜ አለ።

መሣሪያ ለመግዛት መነሻ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ይሄንንም ዝም ብዬ አይደለም የማነሳው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠሩት፣ በ2018 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት አለ፣ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ከአበባ እርሻ እስከ ጫማና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባሉ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ 1000 የሚጠጉ ወጣቶችን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በዕጣ ለሶስት ከፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካው ሥራ ተሰጠ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠ፣ ሶስተኛው ምንም አልተሰጠውም። ከዓመት በኋላ ሲታይ ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ለቀዋል፣ ገቢያቸውም ምንም ካልተሰጣቸው አልተሻለም፣ ጤናቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ግን ከፍ ያለ ነበር። ገንዘቡ የተሰጣቸው ገቢያቸው በ33 በመቶ ጨምሯል። ይሄን ያነበበ ሰው እንግዲያው ገንዘብ ስጧቸው ብሎ ሊጨርስ ይችላል። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ሶስቱም ቡድን አንድ ሆኖ ነው የተገኘው። እኔን ያስጨነቀኝ ይሄኛው ነው። እንደሚመስለኝ እነዛ ልጆች ገንዘቡን ያገኙት ያለ ሙያ ነው፣ የኔ ልጆች ደሞ ሙያውን ያገኙት ያለ ገንዘብ ነው። ሁለቱ አንድ ልጅ እጅ ላይ ሲገናኙ ነው ማየት የምፈልገው፣ እስካሁን ያየኋቸው ከችግር የወጡት ልጆችም ወይ አጎት ድሪል ገዝቶላቸው ወይ አንድ የድሮ ኤሌክትሪሻን መሣሪያውን አውሷቸው ነው የጀመሩት፣ ማለትም ዕድል ነው፣ ዕድል የሌለውስ?

ስለ ፋብሪካ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ስንት ተስፋ ነበር፣ ተስፋውም ውሸት አልነበረም፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ደመወዝ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት እዛ ነው። መነሻ ደመወዙ ግን በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፣ ከቤት ኪራይና ከምግብ በኋላ ምን ይተርፋል? ከደመወዙም በላይ ግን እኔ እንደ አሠልጣኝ የማስበው ሙያውን ነው። መስመር ላይ ተቀምጣ ሁለት ዓመት ኮሌታ ብቻ የሰፋች ልጅ ስትወጣ ሸሚዝ መስፋት አትችልም፣ ልክ መውሰድ፣ መቁረጥ፣ መግጠም አላየችም። ከ2022 እ.ኤ.አ መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ከአጎዋ ስትወጣና ትልልቅ ገዢዎች ሲሄዱ ሥራቸውን ያጡት ልጆች ይዘውት የሄዱት ሙያ ይሄ ቁራጭ ነው። ልጅን ስናሠለጥን ፋብሪካው ቢዘጋ በእጇ ምን ይቀራል ብለን ካልጠየቅን ያሠለጠንነው ለማሽኑ ነው እንጂ ለሷ አይደለም።

በተቃራኒው ሰው የሚያቃልለው ኮብልስቶን ብዙ ያስተምረናል። "ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን" እያሉ የሚያወሩት ነገር ሁሌ ያናድደኛል። በ2000 ዓ.ም ግድም በጀርመን ድጋፍ ሲጀመር ሥልጠናው አጭር ነበር፣ ጥርብ ድንጋዩን የሚያወጣው መሣሪያ መዶሻና መሮ ነው፣ ክፍያው በሠራኸው ልክ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ገዢው ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ልጁ ሥልጠናውን ሲጨርስ ሥራው እየጠበቀው ነበር! ዋስ የለ፣ ልምድ የለ፣ ያቺ ያልኳችሁ የመጀመሪያዋ ዓመት ተሸፍናለች። እዚህ የማውቃቸው በጠራቢነት ጀምረው ያጠራቀሟትን ይዘው ዛሬ ግንበኛ የሆኑ፣ ሱቅ የከፈቱ፣ አንዱ ደሞ የብሎኬት ማምረቻ ያለው ልጆች አሉ። ድክመቱም እዛው ነው ያለው፣ ገዢው አንድ ብቻ ስለሆነ ማዘጋጃ ቤቱ በጀት ሲያጥረው ወይ አስፋልት ሲመርጥ ጠራቢው ሜዳ ላይ ይቀራል። ግን ለኔ ሀሳቡ ትክክል ነው፣ ከሥልጠናው በፊት ሥራው ይታወቅ። ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከዝርጋታው፣ ከቧንቧው፣ ከልስኑ የተወሰነው ድርሻ በዛ ዓመት ለተመረቁ ልጆች ይሰጥ ቢባል ምን ይጎዳል? የሚቆጣጠር ባለሙያ መድቦ ማሠራት ይቻላል።

ትብብር ሥልጠና የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፣ 70 በመቶው ተግባር 30 በመቶው ቲዎሪ፣ ልጁ ድርጅት ገብቶ ይልመድ ነው። ጀርመን ያሉ ወገኖቻችን አውስቢልዱንግ የሚሉት እሱ ነው መነሻው። እዛ ግን ልጁ ከድርጅቱ ጋር ውል ይፈርማል፣ በየወሩ ክፍያ አለው፣ ሶስት ዓመት ገደማ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን ሥራ ቦታ ነው የሚውለው፣ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ እዛው ይቀራል። እኛ ጋ ውሉን ትተን ስሙን ነው ያመጣነው። አንድ ድርጅት ልጆቼን ተቀብሎ የተቀመጠውን ጊዜ በሙሉ ግቢ ሲያስጠርግ፣ ሻይ ሲያስገዛ አይቻለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ግን "ተግባር ልምምድ" ተብሎ ማህተም ተመቷል። በሌላ በኩል ደሞ ድርጅቱንም እረዳዋለሁ፣ ልጁ ሽቦ ቢያቃጥል ማን ይከፍላል፣ ቢጎዳ ኢንሹራንስ አለው ወይ፣ ለሚያስተምረው ባለሙያ ጊዜ ማን ይከፍላል? ይሄ ሳይመለስ በደብዳቤ ብቻ ልጅ መላክ ልጁን ማስቸገር ነው።

አሁን ብዙ ወደማስብበት ነገር ልምጣ፣ ዋጋ ማውጣት። ይሄን በየትኛውም ሞጁል ውስጥ እንደሚገባው ሆኖ አላገኘሁትም። ልጁ በስንት መከራ ሥራ ያገኛል፣ የሁለት ክፍል ቤት ዝርጋታ፣ ሰውየው "ስንት ትሠራልኛለህ?" ይለዋል፣ ልጁ አያውቅም፣ እንዳያመልጠው ፈርቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ይጠራል፣ ሰውየው ከዛም ላይ ይቀንሳል። ሥራው ውስጥ ሲገባ ኮርኒሱ ቀድሞ ተዘግቷል፣ ወይ ግድግዳው ተለስኖ አልቋል እንደገና ይሰነጠቃል፣ የግራይንደር ዲስክ ያልቃል፣ ትራንስፖርት አለ፣ ለረዳቱ መክፈል አለ፣ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው ከቀን ሥራ ያነሰ ነው። እንዲህ አይነት ሁለት ሶስት ሥራ የሠራ ልጅ "ሙያው አያበላም" ብሎ ይወጣል፣ ሙያው ግን ያበላል፣ ዋጋ አወጣጡን ነው ማንም ያላስተማረው። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ጊዜ ሰርቄ ፖይንት አስቆጥራቸዋለሁ፣ ስንት መብራት፣ ስንት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስንት ሶኬት፣ የእንጀራ ምጣድና የውሃ ማሞቂያ ካለ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ስለሚፈልግ ለብቻው ይሰላል፣ እቃውን ባለቤቱ ነው የሚገዛው ወይስ አንተ የሚለው ከመጀመሪያው ይወሰናል፣ ቅድሚያ ክፍያ ይያዛል፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ሰፍሮ ይፈረማል፣ ቀጠሮ የሰጠህበት ሰዓት ላይ ትገኛለህ፣ ካልቻልክ ቀድመህ ትደውላለህ። ለመብራት ባለ 1.5 ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለምን እንደሚገባ ለባለቤቱ ረጋ ብለህ ታስረዳለህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ቀጭኑ ይበቃል" ይልሃል፣ ቀጭኑን አስገብተህ ሽቦው ግሎ ቤቱ ቢቃጠል የሚጠየቀው እሱ አይደለም አንተ ነህ። ይሄን የያዙ ልጆች ከሌሎቹ ቀድመው ሲቆሙ አይቻለሁ፣ ደንበኛ ደንበኛን ያመጣላቸዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሲኦሲ ለመፈተን የግድ ኮሌጅ መማር አያስፈልግም፣ ሙያውን ከየትም ብታመጣው፣ ከረዳትነት፣ ከአባትህ፣ ከዓረብ ሀገር፣ ምዘናው እጅህን ነው የሚያየው። በየሰፈሩ ለዓመታት በረዳትነት የሠሩ፣ እኛ ካሠለጠንናቸው በላይ የሚችሉ በያጆች፣ የቧንቧ ሠራተኞች፣ ለሳኞች አሉ፣ ወረቀት ስለሌላቸው ጨረታ አይገቡም፣ ድርጅት አይቀጥራቸውም፣ ሁሌም በሌላ ሰው ስም ሠርተው የሌላ ሰው ፍርፋሪ ይበላሉ። ከቤሩትና ከሳውዲ የተመለሱ እህቶቻችንም አሉ፣ አዛውንት ተንከባክበው፣ ሕፃን አሳድገው፣ የትልቅ ቤት ኩሽና መርተው የመጡ፣ እዚህ ሲደርሱ ግን "ምንም ሙያ የላትም" ይባላሉ። እባካችሁ እንደዚህ አይነት ሰው በቤታችሁ ካለ በአቅራቢያችሁ ያለ የምዘና ማዕከል ሄዶ ይጠይቅ።

ንቀቱንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባስነገሩት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ አራሹን አፈር ገፊ እያላችሁ አትስደቡ ብለው ነበር፣ ከዛ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፣ ተግባረ ዕድን ያህል ትምህርት ቤት በ1930ዎቹ ዓ.ም ተከፍቶ ስንቱን ባለሙያ አውጥቷል፣ ዛሬም ግን ወላጅ ልጁን ወደኛ የሚያመጣው አንገቱን ደፍቶ ነው። ልጁ ያንን ፊት ያያል! "የወደቀ ነው የሚገባው" የሚለውን በየቀኑ እየሰማ በደንብ ሊማር አይችልም። ሴት ልጅ ላይ ሲሆን ደሞ እጥፍ ነው፣ እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ ስሠራ "ወንድ የለም እንዴ?" የሚል ደንበኛ ብዙ አይቻለሁ፣ አሁን ግን ሴት ብቻዋን የምትኖርበት ቤት፣ ባሏ ውጭ ያለባት እናት፣ ሴት ኤሌክትሪሻን ካለች እሷን ነው የሚፈልጉት፣ ይሄ ለሴት ሠልጣኞቼ የተከፈተ ገበያ ነው፣ የገባንበት ግን ገና ጥቂት ነን።

እና ወላጆች ሲደውሉ የምላቸው ይሄን ነው። ልጁን አስገቡት፣ ግን ትምህርቱ ምን እንደሚል ሳይሆን ልጁ ራሱ ምን በእጁ መሥራት እንደሚወድ ጠይቁት፣ ኮሌጁን ደሞ ወርክሾፑን አሳዩን በሉ፣ ማሽኑ አቧራ ለብሶ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ለምረቃ ፎቶና ለድግስ የምታወጡትን ገንዘብ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ለድሪልና ለግራይንደር አስቀምጡለት። በየክረምቱ አንድ የሠፈር ባለሙያ ጋ ያለ ክፍያም ቢሆን ረዳት ሆኖ ይግባ፣ ሲመረቅ "የማን ልጅ ነህ?" ሳይሆን "ከማን ጋር ሠርተሃል?" ሲባል የሚጠራው ስም ይኖረዋል።

ኤሌክትሪሻን፣ የቧንቧ ሠራተኛ ወይ ኮንትራክተር ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ከሚጨርሱት ልጆች አንድ ወይ ሁለት ወስዳችሁ እስኪለምዱ የምታሠሩልኝ ካላችሁ በውስጥ መስመር ፃፉልኝ፣ ዋስ እኔ እሆናቸዋለሁ። የማትጠቀሙበት የሚሠራ ድሪል፣ ግራይንደር ወይ መልቲሜትር ቤታችሁ የተቀመጠ ካለም እንዲሁ፣ ውጭ ያላችሁም ወደ ሀገር የሚመጣ ሰው ስታገኙ አንድ መሣሪያ ላኩ፣ ለየትኛው ልጅ እንደደረሰና ምን እንደሠራበት ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።